አስተምረናል ወይስ ተናግረናል?
ስለ ትምህርት ዓላማና ስለ መማር ውጤት

በሀገራችን «ላም አለኝ በሰማይ፤ ወተቷንም አላይ» የሚባል የቆየ ተረት አለ። ይህ አነጋገር ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ስለ ከንቱ ተስፋ ነው። እኔ ግን ባለፈው ዓመት ለማስተማር ልምምድ ወደ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት በተላክሁ ጊዜ ተረቱ ስለ እኔ የተነገረ ሆኖ ስላገኘሁት፣ የደረሰብኝን ለጓደኞቼ ለማካፈል ተነሣሣሁ። ከመካከላችን አያሌዎቹ ነገ መምህራን ይሆናሉ፤ የማይሆኑትም ዛሬ ተማሪዎች ናቸውና ነገሩ ሁላችንንም ይመለከታል።

ክፍሉ አምስተኛ፣ ትምህርቱ ሒሳብ፣ ርእሱም የሬክታንግል ስፋት ነበረ። በዕቅድ ደብተሬ ላይ «ዓላማ፤ ተማሪዎች የሬክታንግልን ስፋት ይረዳሉ» ብዬ በጥሩ ጽሕፈት ጻፍሁ። በክፍለ ጊዜው ሰሌዳው ላይ ሬክታንግል ሣልሁ፤ «ስፋት ማለት ርዝመት ሲባዛ በወርድ ነው» አልሁ፤ ሦስት ምሳሌ ሠራሁ። በመጨረሻም «ገባችሁ?» ብዬ ብጠይቅ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ፣ መምህር!» አለ። ጠመኔውን ከእጄ አራግፌ ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ይመለከቱኝ የነበሩት አንጋፋ መምህር በረንዳው ላይ አገኙኝና «ልጄ፣ ደኅና አድርገህ ተናግረሃል፤ ልጆቹ መረዳታቸውን ግን በምን ዐወቅህ?» አሉኝ። «ጠየቅኋቸው፤ ገባን አሉ፣ ጋሼ» ብዬ መለስሁላቸው። ፈገግ ብለው «እንግዲያውስ ነገ የክፍሉን ወለል አስለካቸው» አሉኝና ሄዱ።

በማግሥቱ አስለካሁ። የክፍሉ ርዝመት 8 ሜትር፣ ወርዱም 6 ሜትር ሆነ። «ስፋቱ ስንት ነው?» ብዬ በየወንበሩ ስዞር፣ ወደ ግማሽ በሚጠጋው ደብተር ላይ 28 የሚል ቁጥር አየሁ። ልጆቹ አራቱን ጎኖች ደምረው ነበር፤ ይህ ዙሪያው እንጂ ስፋቱ አይደለም። አንዲት ልጅ ደግሞ 6 ብላ ጻፈች። ምክንያቱን ብጠይቃት «መምህር፣ ስፋት ማለት እኮ የጎኑ ነው፤ መንገዱ ሰፊ ነው እንል የለ?» አለችኝ። እውነቷን ነው! በቤት አነጋገራችን ስፋት ማለት ወርድ ነው። በሒሳብ መጽሐፍ ግን ወለሉን በሞላ የሚሸፍነው መጠን ነው። እኔ ይህን ልዩነት አንድ ጊዜ እንኳ አላነሣሁም። ልጅቱ ያላወቀችውን ሳይሆን እኔ ያላስተማርሁትን ነገረችኝ። «ይረዳሉ» ብዬ የጻፍሁት ዓላማ እንግዲህ የሰማይ ላም ነበረ፤ ወተቷን ማንም አላየም።

ሀ. ሦስት የሚምታቱ ቃላት

ስለ ትምህርት ስንነጋገር ሦስት ነገሮችን ደባልቀን እንጠራለን። የመጀመሪያው ታላቁ ወይም አጠቃላይ ዓላማ ነው። ለምሳሌ ያህል በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ፣ ትምህርት የሰውን ችግር የመፍታት ችሎታ እንዲያዳብር ይፈልግ ነበር። ይህ እንደ ሩቅ ተራራ ነው። አቅጣጫ ያሳያል፤ ነገር ግን ዛሬ ከቀኑ በአራት ሰዓት በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ምን ይደረግ ለሚል መምህር መልስ አይሰጥም።

ሁለተኛው ዝርዝር ዓላማ ነው። መምህሩ በአንድ ትምህርት ወይም በአንድ ምዕራፍ መጨረሻ ተማሪው ምን ማድረግ እንዲችል እንዳሰበ የሚገልጽ አጭር ዐረፍተ ነገር ማለት ነው። ሦስተኛው የመማር ውጤት ይባላል። ይህም ተማሪው ትምህርቱን ሲጨርስ በእርግጥ ሊያደርገው የሚችለውና ሲያደርገው የሚታየው ነገር ነው። ዝርዝር ዓላማ የመምህሩ ሐሳብ ሲሆን፣ ውጤት ግን የተማሪው ሀብት ነው። ብዙ መጻሕፍት ሁለቱን ስሞች እየቀያየሩ ቢጠቀሙባቸውም፣ ልዩነታቸውን ማስታወስ ይበጃል። ማሰብና ማግኘት ሁልጊዜ አብረው አይሄዱምና።

ከዚህም በላይ ማንም ያላሰበው ውጤት አለ። ልጁ ስፋትን ሳይማር ቀርቶ «ሒሳብ ለእኔ አልተፈጠረም» የሚል እምነት ይዞ ቢወጣ፣ ይህም የመማር ውጤት ነው። በማንም ዕቅድ ላይ አልተጻፈም፤ ግን ዕድሜ ልክ ይቀመጣል።

ለ. ሐሳቡ ከየት መጣ?

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1949 ዓ.ም. በአሜሪካ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ራልፍ ታይለር ስለ ሥርዓተ ትምህርት መሠረታዊ መመሪያዎች አንድ አነስተኛ መጽሐፍ አወጣ። መጽሐፉ በአራት ጥያቄዎች ላይ የቆመ ነው። ትምህርት ቤቱ ሊደርስበት የሚፈልገው ዓላማ ምንድን ነው? ወደዚያ የሚያደርሱት የትኞቹ የመማር ልምዶች ናቸው? እነዚህስ ልምዶች እንዴት ይደራጁ? ዓላማው መፈጸሙስ በምን ይታወቃል? አስተዋዩ አንባቢ እንደሚገነዘበው፣ አንጋፋው መምህር በረንዳ ላይ የጠየቁኝ አራተኛው ጥያቄ ነበረ።

ከዚያ ቀደም ብሎ በ1948 በቦስተን ከተማ በተደረገ የሥነ ልቡና ሊቃውንት ስብሰባ ላይ፣ በኮሌጆች ፈተና የሚያዘጋጁ ሰዎች ተገናኝተው «አንዱ ኮሌጅ መረዳት የሚለው ሌላው ከሚለው ጋር አንድ መሆኑን በምን እናውቃለን?» የሚለውን ችግር ተወያዩበት። የዚህ ውይይት ፍሬ በቤንጃሚን ብሉም አዘጋጅነት በ1956 ዓ.ም. ታተመ፤ የአእምሮን ሥራ በስድስት ደረጃ የከፈለው መጽሐፍ ይህ ነው። በ1964 ደግሞ ዴቪድ ክራትዎል፣ ብሉምና ማሲያ ስለ ስሜትና ስለ ዝንባሌ የሚናገረውን ሁለተኛውን ክፍል አከሉበት። በ2001 ሎሪን አንደርሰንና ክራትዎል ከሌሎች ጋር ሆነው ደረጃዎቹን አሻሻሉ። የደረጃዎቹን ስሞች ወደ ግስ ለወጡ፤ የላይኞቹንም ሁለቱን አቀያይረው መፍጠርን ከሁሉ በላይ አደረጉ።

ሐ. ስድስቱ ደረጃዎች በአንድ ወለል ላይ

የብሉምን ደረጃዎች ሁላችንም ለፈተና ሸምድደናቸዋል። ችግሩ ደረጃዎቹን ራሳቸውን ከመጀመሪያው ደረጃ አለማሳለፋችን ነው። ስለዚህ በዚያው በክፍሉ ወለል ላይ ላሳያቸው።

1ኛ/ ማስታወስ። «የሬክታንግል ስፋት ማስሊያው ምንድን ነው?» ተማሪው «ርዝመት ሲባዛ በወርድ» ይላል። እኔ በመጀመሪያው ቀን ያስተማርሁት እዚህ ድረስ ብቻ ነበረ።

2ኛ/ መረዳት። «ለምን ይባዛል? ለምን አይደመርም?» ተማሪው ወለሉን በአንድ ሜትር ካሬ እየከፋፈለ በአንዱ ረድፍ 8 ካሬ፣ ረድፉም 6 መሆኑን በሥዕል አሳይቶ በራሱ ቃል ያስረዳል።

3ኛ/ በሥራ ላይ ማዋል። «ይህን ወለል ለመሸፈን ስንት ካሬ ሜትር ምንጣፍ ያስፈልጋል?» መልሱ 48 ነው። በጥያቄው ውስጥ «ስፋት» የሚል ቃል እንደሌለ ልብ በሉ፤ ተማሪው ራሱ ማወቅ አለበት።

4ኛ/ መተንተን። «የ‹ገ› ፊደል ቅርጽ ያለውን ግቢ ስፋት ፈልግ።» ተማሪው ቅርጹን ወደ ሁለት ሬክታንግሎች ይከፍለዋል። ወይም 28 ብሎ የጻፈው ጓደኛው የት ላይ እንደ ተሳሳተ ለይቶ ያወጣል።

5ኛ/ ማቀናበር። «28 ሜትር የአጥር ሽቦ አለን። በዚህ ሽቦ የሚታጠር ከሁሉ የሚሰፋ ባለ አራት ማዕዘን የአትክልት ቦታ ንድፍ አውጣ።» ተማሪው 10 በ4 ቢሞክር 40፣ 8 በ6 ቢሞክር 48፣ 7 በ7 ቢሞክር 49 ካሬ ሜትር ያገኛል። ዙሪያው ሳይለወጥ ስፋቱ እንደሚለወጥ ያን ጊዜ በገዛ እጁ ይደርስበታል።

6ኛ/ መመዘን። «10 በ4 የሆነው ቦታ ከውኃ መውረጃው ጎን ነው፤ 7 በ7 የሆነው ከውኃው ይርቃል። የትኛውን ትመርጣለህ?» እዚህ ላይ አንድ ብቻ የሆነ መልስ የለም። ተማሪው መመዘኛውን ይናገራል፤ በመመዘኛውም ይከራከራል።

ይህን ስል እያንዳንዱ ትምህርት እስከ ስድስተኛው ደረጃ መውጣት አለበት ማለቴ አይደለም። የማባዣ ሠንጠረዥ በቃል ካልተያዘ ወለል አይሰላም። ዋናው ነገር መምህሩ ዛሬ በየትኛው ደረጃ ላይ እንደ ቆመ ማወቁ ነው።

መ. ዓላማ እንዴት ይጻፋል?

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1962 ዓ.ም. ሮበርት ሜገር የተባለው አሜሪካዊ ዓላማ ስለ መጻፍ ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ፣ ደኅና ዓላማ ሦስት ነገር እንዲኖረው ጠየቀ። አንደኛው ድርጊት ነው፤ ተማሪው ምን ሲያደርግ እናየዋለን? ሁለተኛው ሁኔታ ነው፤ ምን ተሰጥቶት፣ ምንስ ተከልክሎ? ሦስተኛው ልክ ነው፤ ምን ያህል ቢሠራ ይበቃል?

ከሁሉ አስቀድሞ በግሱ ላይ መጠንቀቅ ይገባል። «ይረዳሉ፣ ያውቃሉ፣ ይገነዘባሉ» የሚሉት ግሶች በሰው ሆድ ውስጥ የሚፈጸሙ ናቸው፤ ማንም አይመለከታቸውም። «ይዘረዝራሉ፣ ይለካሉ፣ ያወዳድራሉ፣ ይሥላሉ፣ ስሕተቱን ያርማሉ» የሚሉት ግን በዐይን ይታያሉ፣ በጆሮ ይሰማሉ። ስለዚህ የእኔ ዓላማ ቢታረም እንዲህ ይሆን ነበር፤

«ከዚህ ትምህርት በኋላ እያንዳንዱ ተማሪ ሜትር ሲሰጠው፣ ደብተሩን ሳይገልጥ፣ ባለ አራት ማዕዘን የሆነን ወለል ለክቶ ስፋቱን በካሬ ሜትር ያሰላል፤ ስፋቱ ከዙሪያው የሚለይበትንም በሥዕል ያሳያል። ከ5 ጥያቄዎች 4ቱን በትክክል ቢሠራ ዓላማው ተፈጽሟል።»

ይህ ዐረፍተ ነገር ረጅም ነው፤ አያምርምም። ነገር ግን ሦስት ሥራ ይሠራል። መምህሩ ምን ይዞ ወደ ክፍል እንደሚገባ ይነግረዋል፤ ይኸውም ጠመኔ ብቻ ሳይሆን ሜትር ነው። ፈተናው ምን መሆን እንዳለበት አስቀድሞ ይወስናል። ተማሪውም ቢያነበው ከእርሱ ምን እንደሚጠበቅ ያውቃል።

ሠ. አባቶቻችን ይህን አያውቁም ነበርን?

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህ ሁሉ ከአሜሪካ የመጣ ፋሽን ነው ይላሉ። ቃሉ ከዚያ መምጣቱ እውነት ነው፤ ነገሩ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። ወደ ቅኔ ቤት ብንገባ ምን እናገኛለን? ተማሪው በሁለት ቤት ከሚዘጋው ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ከዚያ ሦስት ቤት ወዳለው ወደ ዘአምላኪየ ይሻገራል፤ እንዲህ እያለ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ይደርሳል። በየደረጃው የሚጠበቅበት ነገር የታወቀ ነው፤ ልኩም የታወቀ ነው። የሌላውን ቅኔ በቃሉ ቢያወርድ ተቀኘ አይባልም፤ የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ መንገር አለበት። መምህሩም እዚያው ያርመዋል፤ ካልሆነም ይመልሰዋል። በዚህ ቤት ትምህርቱና ፈተናው አንድ ናቸው። ከሁሉም የላይኛው ደረጃ፣ እርሱም መፍጠር፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይጠየቃል።

በአንጻሩ በንባብ ቤት ልጁ 150ውን መዝሙረ ዳዊት በግእዝ ይደግማል፤ ትርጉሙን ግን አያውቀው ይሆናል። ይህን አይተን «ከንቱ ሽምደዳ» ብለን ብንፈርድ በደል ነው። የዚያ ቤት ዓላማ ንባቡና ጸሎቱ ነበረ፤ ትርጓሜው ራሱን የቻለ ሌላ ጉባኤ አለው። ዓላማውን ሳያውቁ ውጤቱን መመዘን ጤፍን በሜትር እንደ መለካት ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉትም እነዚሁ አባቶች ናቸው። ጥምጥሙ ምስክር ወረቀቱ ሲሆን፣ መማሩ ደግሞ ውጤቱ ነው።

ረ. የተቃዋሚዎች ክርክር

ዓላማን እንዲህ አጥብቦ መጻፍ የማይስማማቸው ሰዎች ክርክር ቀላል አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1967 ዓ.ም. ኤሊየት አይስነር የተባለው የኪነ ጥበብ ትምህርት ሊቅ፣ ሥዕል የሚሥል ተማሪ መጨረሻው ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ሊነገረው አይችልም ብሎ ተከራከረ። በ1975 እንግሊዛዊው ሎረንስ ስቴንሃውስ ከዚህ አልፎ፣ እውነተኛ ትምህርት የተማሪው ሐሳብ ወዴት እንደሚሄድ መምህሩ ሊተነብይ እስከማይችል ድረስ ነጻ የሚያወጣ ነው አለ።

በበኩሌ ይህን ክርክር የማየው እንደ ማስጠንቀቂያ ነው። ለመለካት የሚቀለው ነገር ብዙውን ጊዜ ዋጋው ትንሽ የሆነው ነው። መምህር «ይዘረዝራሉ» የሚለውን ብቻ እየጻፈ ቢኖር፣ ዕቅዱ ሁሉ ተፈጽሞ ተማሪው ግን ባዶ ሊሆን ይችላል። ሐቀኝነት፣ ለእውነት መቆርቆር፣ የመጠየቅ ድፍረት በ40 ደቂቃ ተመዝነው 5 ከ5 አይሰጣቸውም። ስለዚህ ሊታይ የሚችለውን በግልጽ እንጻፍ፤ ሊታይ የማይችለውንም እንዳለ እናስታውስ። አንዱ ለሌላው ማመካኛ መሆን የለበትም። ልጅቱ ስፋትን ከወርድ አለመለየቷን በትልቅ ፍልስፍና መሸፈን አይገባኝም።

ሰ. ለእኛ ለተማሪዎችስ?

ጆን ቢግስ የተባለው ምሁር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. ያስረዳው አንድ ሐሳብ በቀጥታ ይነካናል። ዓላማው፣ በክፍል የሚደረገው ሥራና ፈተናው አንድ ቋንቋ መናገር አለባቸው ይላል። የኮርሱ ዝርዝር «ተማሪው ይተነትናል» ቢል፣ ፈተናው ግን «ትክክለኛውን ፊደል ምረጥ» ብቻ ቢሆን፣ ተማሪው የሚታዘዘው ለፈተናው ነው። ይህ ስንፍና አይደለም፤ ብልኅነት ነው። ጉዳቱ ግን ከተመረቅን በኋላ ይወጣል።

ነገሩ የወረቀት ክርክር ብቻ አለመሆኑን ሁላችንም ዐይተናል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጦርነቱ፣ ወረርሽኙ፣ የመጽሐፍ እጥረቱ ሁሉ አሉበት። ይሁን እንጂ እነዚያ ወጣቶች በ12 ዓመት ውስጥ ስንት ሺህ ጊዜ «ገባችሁ?» ተብለው «አዎ» ብለው ይሆን? «አዎ» የሚለው መልስ በባህላችን መምህርን ማክበር ነው፤ የማወቅ ማስረጃ ግን አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እኛም ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግዴታችን ሆኗል። ከአራት ዓመት በኋላ በአንድ ቀን ከመደንገጥ በየሳምንቱ ራስን መመዘን ይሻላል።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የኮርስ ዝርዝር ሲሰጠን ገጾቹን አልፈን ወደ ፈተናው ቀን ከመሮጥ፣ የመማር ውጤቶቹን እናንብብ፤ እያንዳንዱንም ወደ ጥያቄ እንለውጠው። ሁለተኛ፣ ያልገባንን «ገባኝ» አንበል። የዚያች የአምስተኛ ክፍል ልጅ ድፍረት ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ አይከብደውም። ሦስተኛ፣ የማስተማር ልምምድ የምንወጣ ሁሉ፣ በዕቅድ ደብተራችን ላይ «ይረዳሉ» ብለን በጻፍን ቁጥር ከጎኑ «በምን ዐውቃለሁ?» ብለን እንጨምርበት።

የጀመርሁትን ታሪክ ልጨርስ። በሦስተኛው ቀን በጠመኔ የክፍሉን ወለል በአንድ አንድ ሜትር ካሬ አስከፈልሁ። ልጆቹ ወንበር እየገፉ፣ አቧራ እያስነሡ፣ እየተጨቃጨቁም ቢሆን ቆጠሩ፤ 48 ሆነ። ያች ልጅ በዙሪያው ተራምዳ «ይህ ዙሪያው ነው»፤ መካከሉ ላይ ቆማ «ይህ ስፋቱ ነው» ብላ ለጓደኞቿ አሳየች። በመጨረሻ በሰጠኋቸው አምስት ጥያቄዎች ብዙዎቹ አራቱን ሠሩ። ሦስት ልጆች ግን አሁንም ጎኖቹን ይደምሩ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ገብቷቸው ነበር፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ያልገባቸው ሦስት እንደሆኑ፣ እነማን እንደሆኑና የት ላይ እንደሚሳሳቱ ዐወቅሁ። በምሳ ሰዓት ሦስቱን ጠርቼ ሜትሩን ሰጠኋቸው፤ አብረንም የበረንዳውን ወለል መለካት ጀመርን።